ትንሽ ደሴት ላይ ስትኖሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከተማ ውስጥ መርፌ የሚወጋችሁ ነርስ፣ ዕቃ የሚሸጥላችሁ ነጋዴና ስብሰባ የሚመራው ሊቀመንበር የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከአንዱ ጋር ብትቃቃሩ ሌላ ትፈልጋላችሁ። ሁለት መቶ ሰው በሚኖርባት ደሴት ግን ሦስቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ማታ ስብሰባ ላይ የተጨቃጨቃችሁት ሰውዬ፣ ጠዋት ወደቡ ላይ የጀልባችሁን ገመድ የሚቀበላችሁ እሱ ነው። ደሴት ላይ ሰው የሚደብረው የሚሠራው ስለሚያጣ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ነገር የሚበላሸው ያንኑ ሰው በሁሉም ቦታ እንደምናገኘው በመርሳት ነው።

በመጀመሪያው ወር ለሁሉም እሺ ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ መልካም ነገር ስለሚመስል። ትንሽ ቦታ ሁሌም ሰው ያጥረዋል። አዲስ ሰው ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ ጥያቄው ይጀምራል። «መጻፍ ትችያለሽ አይደል? የኮሚቴው ጸሐፊ ለቃብናለች።» «መንጃ ፈቃድ አለህ? የእሳት አደጋ መኪናዋን የሚነዳ ጎድሎናል።» መፈለግ ደስ ይላል፤ ስለዚህ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ይባላል። ከዚያ ጸሐፊነቱ፣ የመጻሕፍት ክፍሉ፣ የባሕር ዳርቻ ጽዳቱና መዘምራኑ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ሰውየው አልቋል። ከተማ ላይ ቢሆን ቀስ ብሎ ይጠፋ ነበር። እዚህ መጥፊያ የለም። የተዋችሁትን ሥራ ያነሳው ጎረቤት በየቀኑ በፊታችሁ ያልፋል።

እሺ ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከእኔ በፊት ማን ይሠራው ነበር፣ ለምን ተወው? ደግሞስ መቼ ያበቃል? ማብቂያ የሌለው ኃላፊነት ከሆነ «ለአንድ ዓመት ልሞክረው» በሉ። በእኔ ግምት ለመጀመሪያው ዓመት አንድ የጋራ ሥራና ኃላፊነት የሌለበት አንድ መዝናኛ ይበቃል። መዝናኛው ሲቀር ማንም የማይጠይቃችሁ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ተመልካች ሆኖ መቀመጥ

ይህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። «እዚህ ምን አለ?» እያሉ መጠበቅ። ትንሽ ደሴት ላይ ዝግጅት የሚኖረው እናንተ ስለመጣችሁ ነው። ስምንት ሰው ለመዘምራን ይበቃል፤ አምስት ሲሆን ይቀራል። በስኮትላንድ ሴንት ኪልዳ ደሴት ጉልበት ያለው ሰው እየሳሳ ሄዶ፣ የቀሩት 36 ነዋሪዎች በራሳቸው ጥያቄ ነሐሴ 29 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. ደሴቷን ለቀው ወጥተዋል። የናንተ ከዚያ አይደርስ ይሆናል፤ ግን የአንድ ሰው መቅረት እዚህ ይታወቃል።

«እኛ የብሱ ላይ ስንኖር…» ማለት

ይህን ዓረፍተ ነገር አትጀምሩት። እንግዳ የሚመስለው ሥርዓት ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። እዚያው ስኮትላንድ ያለችውን ኤግ ደሴትን ነዋሪዎቿ ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው በ1997 እ.ኤ.አ. ገዟት። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚገኝ የራሳቸውን መብራት ዘረጉ። እያንዳንዱ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ መጠቀም አይችልም። ምድጃው፣ ልብስ ማጠቢያውና የውሃ ማፍያው አንድ ላይ ከበሩ መብራት ሊጠፋ ይችላል። አዲስ ሰው «ምን ዓይነት ኋላቀርነት ነው?» ሊል ይችላል። ለሁሉም እንዲዳረስ ብለው የተስማሙበት ነገር መሆኑን የሚያውቀው ከጠየቀ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቁ፤ ሐሳባችሁን ከዚያ በኋላ ብታመጡት የሚሰማችሁ ታገኛላችሁ።

ደስታን በጀልባ ሰዓት ላይ ማንጠልጠል

ትሪስታን ዳ ኩንሃ ሁለት መቶ ምናምን ሰው የሚኖርባት የደቡብ አትላንቲክ ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሰው የሚኖርበት ቅርቡ መሬት ሴንት ሄሌና ሲሆን 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዓሣ የሚወጣበት ቀን እንኳ በቀን መቁጠሪያ አይታሰርም። ጠዋት አየሩ ይታያል፤ ከተስማማ ደወል ይመታል።

የናንተ ደሴት ይህን ያህል ሩቅ ላትሆን ትችላለች። ቢሆንም ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባው ይቀራል፤ ከጀልባው ጋር እንግዳውም፣ ያዘዛችሁት ዕቃም ይቀራል። ጀልባ በቀረ ቁጥር የሚበሳጭ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲበሳጭ ይኖራል። ከጀልባው ምንም የማይፈልግ ሥራ ይኑራችሁ። ጊታር የምትጫወቱ ከሆነ ትርፍ ክር አስቀምጡ፤ ሹራብ የምትሠሩ ከሆነ ክሩ ሲጋመስ እዘዙ፣ ሲያልቅ አይደለም።

ወሬ ማመላለስ

ሐሜት የሌለበት ትንሽ ቦታ የለም። ትናንት ካሳላችሁ ዛሬ «ተሻለህ ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ክፋት ብቻ አይደለም። መጋረጃችሁ እስከ እኩለ ቀን ካልተከፈተ በር የሚያንኳኳውም ያው ወሬኛ ጎረቤት ነው። ስለዚህ በር ዘግቶ መሸሽ አያዋጣም። የሰው በሽታ፣ ገንዘብና ትዳር ላይ ብቻ የመጀመሪያዋ ወይም የመጀመሪያው ተናጋሪ አትሁኑ። «እሱን እንኳ እሷኑ ብትጠይቂያት ይሻላል» ብሎ ወሬውን ወደ አየሩ ሁኔታ ማዞር ይቻላል። ማንም አይቀየምም።

ኩርፊያ ማሳደር

የተጣላችሁትን ሰው ሰላም በሉት። መውደድ አይጠበቅባችሁም፤ እጅ አንሱና እለፉ። ሰላምታ ከተቋረጠ ሦስት ወር ቆይቶ ማስጀመር ሞት ነው፤ በዚህ መሀል ደግሞ የሁለታችሁም ወዳጆች ድግስ ሲጠሩ «ማንን ከማን ጋር እናስቀምጥ?» እያሉ ይቸገራሉ።

የጎብኚ ወቅት ሁሌም ይቆያል ብሎ ማሰብ

እንግዳ ሲበዛ ሁሉም ቦታ ሞቅ ይላል። እንግዳው ሲሄድ ዝግጅቱም አብሮ ይሄዳል። ጭር ላለው ወቅት በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን ያዙ። ካርታ ጨዋታ ይሁን፣ አብሮ ማንበብ ይሁን፣ ለውጥ የለውም። ቀኑ ብቻ አይቀያየር።

እስክትፈነዱ ሳይወጡ መቆየት

አንዳንዱ መውጣትን እንደ ሽንፈት ያየዋል። አይደለም። ሰው ሁሉ ማስጠላት ከመጀመሩ በፊት ቀን ቆርጣችሁ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩና «ምን ላምጣላችሁ?» በሉ። መድኃኒት፣ መነጽር፣ የፓምፕ ጎማ ይሏችኋል። ዝርዝሩን ጻፉት፤ ከምትሸከሙት በላይ ከሆነ ግን እዚያው «ይህ ለሚቀጥለው» በሉ።