መብራት ሲጠፋ ኮራላችሁን በራውተር ዩፒኤስ አሳድሩ

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ አካባቢ የጨው ውሃ አኳሪየም ለጀመራችሁ፦ መብራት ሲጠፋ ኮራልን (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን የባህር እንስሳ) ቀድሞ የሚጎዳው ጨለማው ሳይሆን የውሃው መቆም ነው፤ የቆመ ውሃ ከአየር በቂ ኦክስጅን አያገኝም። በጨለማ ኮራል ኦክስጅን አያመነጭም፣ ይተነፍሳል እንጂ፤ ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ይሻሙታል። በእኛ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ አንድ ነገር ከሞተ ከብስባሹ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጠራ በቂ ባክቴሪያ ገና አልተራባም።

ለዋይፋይ የገዛችሁት ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን በባትሪ የሚያሠራው) ባለ 5 ቮልት የዩኤስቢ መውጫ ካለው፣ ትንሽ የዩኤስቢ አየር ፓምፕ ሰክታችሁ እደሩ። ፓምፑ የሚበላው ከ1 እስከ 2 ዋት ብቻ ነው። ራውተሩን ግን ንቀሉት፤ ባትሪውን ቶሎ የሚጨርሰው እሱ ነው። የአየር ድንጋዩን (ቱቦው ጫፍ ላይ ሆኖ አየሩን በአረፋ የሚበትነውን) የውሃው ፊት በደንብ እንዲናጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ይሰቀል፤ ዝቅ ካለ ባትሪው ሲያልቅ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑንም ዩፒኤሱንም ያበላሻል። ይህቺን አትዝለሏት።

የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ከሆነ መስታወቱን ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ከላይ ግን አየር እንዲገባ ክፍት ተዉት። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። ለአንድ ቀን ብርሃን ቢያጣ ኮራሉ ምንም አይሆንም።

ሂተር ወይም ባለ 24 ቮልት የሞገድ ፓምፕ (ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን) እዚህ ዩፒኤስ ላይ እንዳትሰኩ። አኳሪየሙ ከ200 ሊትር በላይ ከሆነ አንድ የአየር ፓምፕ አይበቃውም፣ ሁለት አድርጉለት።