ጢማሙ እንሽላሊቴ መብላት ሲያቆም

ዘመዴ ሲሄድ ቢርድድ ድራጎን የሚባለውን ጢማም እንሽላሊት ትቶልኝ ሄደ። ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳር ውርጭ ሲብስ መብላት አቆመ። ጎመኑ ሳይነካ ይደርቃል። ሆዱን ስዳስሰው እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ምንም ለውጥ የለም። ለካ እንደኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ ብርድ ልብስ ደግሞ ያለውን ያቆያል እንጂ አይፈጥርም። አገሩ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው፤ እዚያ ጉቶ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም።

ስለዚህ የጫጩት ማሞቂያ አምፖል ገዛሁ፣ ነጩን። ከሳጥኑ አንድ ጫፍ፣ እንዳይነካው ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ያለው ቴርሞሜትር 40 ዲግሪ እስኪያሳይ ከፍ ዝቅ አደረግኩት። ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል፤ ሲበዛበት የሚሸሽበት ያስፈልገዋል።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። ፀሐይ የማሞቀው በመስኮት መስታወት በኩል ነበር። አጥንቱን የሚያጠነክርለትን ጨረር ግን መስታወት ያስቀረዋል። አሁን ቀትር ላይ፣ ነፋስ ከሌለ፣ ግቢ አወጣዋለሁ። ጥላ አጠገቡ አለ። እኔም አልለየውም፤ ጭልፊት አይታመንም።

በአራተኛው ቀን ሆዱን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ አፉን ከፈት አደረገ። ሙቀቱ ሲበቃው እንዲህ ያደርጋል። ከሰዓት ጎመኑን ጨረሰ።