ባለ አራት ቀለሙን የቀይ ባሕር ቀንድ አውጣ ከፎቶ እንዴት እንለያለን?

ጅዳ ወይም ጅቡቲ የሚሠራ ዘመድ ያለው የደብረ ብርሃን ተማሪ ብዙ ነው። ከዚያ የሚላከውን ፎቶ ይዞ «መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?» ለሚል ሁሉ የማሳየው አካሄድ ይህ ነው። እንስሳው ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ክሮሞዶሪስ ኳድሪከለር።

በመጀመሪያ ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክ። በተለመደው መንገድ ሲላክ ስለሚጨመቅ ቀጫጭኑ መስመር ይደበዝዛል። ማስዋቢያ ማጣሪያ ያለፈበትን ፎቶ እኔ ጭራሽ አልቀበልም።

ከዚያ ቀለሙን ትታችሁ አካሉን ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በቀለም ቁርጥ ቀንድ አውጣ የሚመስሉ ጠፍጣፋ የባሕር ትሎች አሉና። ቀንድ አውጣው ራሱ ላይ ለብቻቸው የቆሙ ሁለት የማሽተቻ ቀንዶች፣ ከጀርባው ኋለኛ ክፍል ደግሞ እንደ አበባ የተዘረጋ ስንጥብ (ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል) አለው። ትሉ ስንጥብ የለውም፤ ቀንድ የሚመስለውም የፊት ጠርዙ እጥፋት ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣው ሲደነግጥ ስንጥቡንም ቀንዶቹንም ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ስለዚህ ስንጥብ አላየሁም ብላችሁ ትል ነው አትበሉ፤ የተሰበሰቡባቸውን ቀዳዳዎች ፈልጉ። ፎቶውን ያነሣውን ጠላቂም እንስሳውን ሳይነካ ደግሞ ፎቶ እንዲያነሣው ንገሩት።

ቀጥሎ ቀለሙን እንደ ነጠላ ጥለት ከጠርዝ ወደ ውስጥ አንብቡ፦ ቀጭን ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ጥቁርና ሰማያዊ የቀላቀለ ነጭ እየተፈራረቁ። ቀንዶቹና ስንጥቡም ብርቱካናማ ናቸው። ውሃ ቀይና ብርቱካናማ ብርሃንን ቶሎ ስለሚውጥ፣ ያለ ፍላሽ የተነሣ ፎቶ ላይ ጠርዙ ፈዞ ቢታይ አትደናገሩ። ቀይ ስፖንጅ ላይ ከተገኘ ግምታችሁ ይጠናከራል፤ ኔጎምባታ የተባለውን ቀይ ስፖንጅ ይመገባል፣ መርዙንም ለራሱ መከላከያ ያደርገዋል።

ፎቶው የተነሣበትን ቦታ ጠይቁ። ክሮሞዶሪስ ማግኒፊካ በመልክ ይቀርበዋል፤ ነገር ግን የምዕራብ ፓስፊክ እንስሳ ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ይህን ሳያገናዝቡ ስም ሲሰጡ ስላየሁ፣ መልሳቸውን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አልወስደውም።

አስቸጋሪው ክሮሞዶሪስ አፍሪካና ነው፤ እሱም ቀይ ባሕር ውስጥ ይኖራል፣ መስመሩም በጣም ይመሳሰላል። በአንድ ፎቶ ብቻ እርግጠኛ ካልሆናችሁ የጋራ ስማቸውን «ክሮሞዶሪስ» ብቻ ብላችሁ ጻፉና ከላይና ከጎን የተነሣ ተጨማሪ ፎቶ ጠይቁ።