የባርነት ክርክር አሜሪካን እንዴት ወደ እርስ በርስ ጦርነት እንደገፋት በካርታና በቁጥር ለመከታተል

ባዶ የአሜሪካ ካርታ፣ ሦስት ባለቀለም እርሳስና አንድ ወረቀት ያዙ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጦርነቱ የፈነዳበት ኤፕሪል 1861 በእኛ 1853፣ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ስድስት ዓመት ግድም ነው። ወረቀቱ አናት ላይ «4 ሚሊዮን ገደማ» ብላችሁ ጻፉ። በ1860 በባርነት የተያዘው ሕዝብ ቁጥር ነው፤ ፖለቲከኞቹ ሲከራከሩ የሚረሳው እሱ ነውና ከዓይናችሁ አይራቅ።

ንግግሮቹን ለጊዜው ተዉአቸውና ከሴኔት ወንበር ጀምሩ። እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሴናተር አለው። በ1819 መጨረሻ በሰሜን 11 ነፃ (ባርነት የተከለከለባቸው)፣ በደቡብ 11 ባሪያ አሳዳሪ ግዛቶች ነበሩ። ሚዙሪ ባሪያ አሳዳሪ ሆና ልግባ ስትል ሚዛኑ ሊዛባ ሆነ፤ በ1820 ሜይን በነፃነት አብራ እንድትገባ ተደረገ። ከሉዊዚያና ግዢ (አሜሪካ በ1803 ከፈረንሳይ ከገዛችው ሰፊ መሬት) በቀረው ደግሞ ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በስተሰሜን፣ ከሚዙሪ በቀር፣ ባርነት ተከለከለ። መስመሩን በማስመሪያ አስምሩት።

ቀጥሎ ከሜክሲኮ በጦርነት የተወሰደውን መሬት ቀለም ቀቡ። በ1850 ካሊፎርኒያ በነፃነት ስትገባ የሴኔቱ እኩልነት ፈረሰ። ደቡብ በምላሹ ያገኘው ያመለጡ ባሪያዎችን የማስመለሻ ሕግ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ተያዡን ለጌታው ካስረከበ 10 ዶላር፣ ከለቀቀ ግን 5 ዶላር ይከፈለዋል። ተያዡ ስለራሱ መመስከር አይችልም፤ ጉዳዩን የሚያይ የዜጎች ሸንጎም የለም። ተራው የሰሜን ነዋሪም ከአሳዳጁ ጋር እንዲተባበር ታዘዘ። እስከዚያ ድረስ ባርነት የሩቅ ነገር የነበረበት ሰው በገዛ ደጁ ጎረቤቱ ታስሮ ሲወሰድ አየ።

በ1854 የካንሳስና ነብራስካ ሕግ ያሰመራችሁትን መስመር ሰረዘው፤ እናንተም ሰርዙት። ሰፋሪው በድምፅ ይወስን ተባለ። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ፦ በ1855 መጀመሪያ በካንሳስ የተቆጠረው መራጭ 2,905፣ በማርች የተሰጠው ድምፅ ከ6,000 በላይ። ልዩነቱ በአብዛኛው ከሚዙሪ ተሻግሮ የመረጠ ሰው ነው። ከዚያ ሁለት ተፎካካሪ መንግሥት ቆመ፣ ደምም ፈሰሰ። የድምፅ ሣጥኑ ከታመነበት ቦታ ሲወርድ ጠመንጃ ተተካ።

በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃነቱን በክስ በጠየቀው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ 7 ለ 2 ወሰነ፦ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይችልም፣ ኮንግረስም ገና ግዛት ባልሆነ መሬት ባርነትን መከልከል አይችልም። እንደ 1820 ያለ ስምምነት በሕግ በኩልም በሩ ተዘጋበት።

በ1860 ሊንከን ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት ከየግዛቱ የተወከሉ 303 የመራጭ ልዑካን ድምፅ 180 አገኘ፤ ከሕዝቡ ድምፅ ግን 40 በመቶ ገደማ ብቻ። ከደቡብ አንድም ልዑክ ሳያገኝ ፕሬዚዳንት መሆን ተቻለ። ባርነት ባለበት እናጥፋ አላለም፤ አይስፋፋ ነው ያለው። ለደቡብ መሪዎች ይኸው በቂ ነበር።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጠቡ የግዛቶች መብት ነው» ይላል። የሳውዝ ካሮላይናን የዲሴምበር 1860 የመገንጠል መግለጫ ራሱን አንብቡ፤ ቅሬታው የሰሜን ግዛቶች ያመለጡትን ላለመመለስ የራሳቸውን ሕግ አወጡ የሚል ነው። መንስኤውን በጉምሩክ ቀረጥ መፈለግም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ በ1857 ቀረጡ ዝቅ ብሎ ነበር።

ሌላው ስሕተት ደቡብን እንደ አንድ ሰው ማየት ነው። ጦርነቱ የፈነዳበት የሳውዝ ካሮላይናው ምሽግ ፎርት ሳምተር ከመደብደቡ በፊት የተገነጠሉትን 7 ግዛቶች በአንድ ቀለም፣ ሊንከን 75,000 ሰው ለጦር ከጠራ በኋላ የተከተሉትን 4 በሌላ፣ ባሪያ አሳዳሪ ሆነው የቀሩትን ሚዙሪን፣ ኬንታኪን፣ ሜሪላንድንና ደላዌርን በሦስተኛ ቀቡ። ከዚያ ከየግዛቱ ሕዝብ በባርነት የተያዘውን ድርሻ ጻፉበት፦ ቀድማ በወጣችው ሳውዝ ካሮላይና ከግማሽ በላይ፣ ዘግይታ በወጣችው ቨርጂኒያ ሲሶ ገደማ፣ ባልወጣችው ደላዌር ከ2 በመቶ በታች።