ሂካሪ ፑል ኮኔክሽን ሲያልቅበት
ሂካሪ የዳታቤዝ ኮኔክሽኖችን በፑል (በጋራ ክምችት) ይዞ ለአፑ የሚያድል የጃቫ ላይብረሪ ነው። ተጠቃሚ ሲበዛ በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፍሬምወርክ) የተሠራው አፕ ቀጥ ይላል፤ ከ30 ሰከንድ በኋላ የታይምአውት ስህተት ይመጣል። ሎጉ ላይ አክቲቭ (የተያዙ ኮኔክሽኖች) 10፣ አይድል (ነፃ የሆኑ) 0። የዳታቤዙ ሲፒዩ ግን ሥራ ፈቷል።

ፑሉን ወደ 50 ማሳደግ ችግሩን አዘገየው እንጂ አልፈታውም። አፑ በሁለት ሰርቨር ስለሚሠራ የዳታቤዙን የፖስትግሬስን የ100 ኮኔክሽን ጣሪያም ነካ።

ፍንጩ የተገኘው የሂካሪ ሊክ ዲቴክሽን ትሬሾልድ (ኮኔክሽን ከተወሰነ ጊዜ በላይ ሳይመለስ ሲቆይ ሎግ ላይ የሚያስጠነቅቅ ቅንብር) 5000 ሚሊሰከንድ ሲደረግ ነው። ስታክ ትሬሱ (ኮዱ የሄደበትን የጥሪ ቅደም ተከተል የሚያሳየው ዝርዝር) የውጭ ክፍያ ኤፒአይ ወደሚጠራው ኮንትሮለር (ጥያቄ ወደሚቀበለው ኮድ) አመለከተ። የስፕሪንግ ቡት «ኦፕን ኢን ቪው» (የዳታቤዝ ሴሽኑን እስከ ምላሹ መጨረሻ የሚያቆይ ቅንብር) በነባሪ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ኩዌሪ በኋላ ኮኔክሽኑ ምላሹ እስኪያልቅ ይያዛል፣ ኤፒአዩ የሚዘገይበትንም ጊዜ ጨምሮ።

መፍትሔው፦ ኦፕን ኢን ቪውን ፎልስ ማድረግ፣ የኤፒአዩን ጥሪ ከትራንዛክሽን ውጭ ማውጣት። ከዚያ የሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን ስህተት (ሴሽኑ ከተዘጋ በኋላ ያልተጫነ ተዛማጅ ዳታ ሲጠየቅ የሚመጣ) ከመጣ ኩዌሪው ላይ ጆይን ፌች (ተዛማጁን ዳታ አብሮ የሚጭን) ይጨመር። ፑሉ ወደ 10 ተመልሶ በቂ ሆኗል።