በአንድ ድምፅ የሚተረክ ልቦለድ ፖድካስት፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

አንድ ሰው ብቻውን ጽፎ፣ ተርኮና ቀድቶ በሚያወጣው ልቦለድ አድማጭ ሲሰለች፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ማይኩ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማይክ ከመግዛት በፊት ጽሑፉን መፈተሽ ይቀድማል።

አድማጩ ማን እንደተናገረ ይጠፋዋል

በአማርኛ «አለ» የሚመጣው ከንግግሩ በኋላ ነው። አንባቢ ትምህርተ ጥቅሱን ስለሚያይ አይቸገርም፤ ጆሮ ግን ተናጋሪውን የሚያውቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ተራኪው አንድ ሰው ሲሆን የድምፅ ልዩነትም አያግዝም። እንዲህ የተጻፈ እንውሰድ፦

«ነገ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ» አለ ታደሰ። «በዚህ ውርጭ?» አለች እናቱ።

መፍትሔው ተናጋሪውን በድርጊት ማስቀደምና መጠሪያውን ንግግሩ ውስጥ መክተት ነው፦

ታደሰ ጋቢውን እያጣፋ፣ «እማዬ፣ ነገ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ» አለ። እናቱ ከምድጃው ቀና አላለችም። «በዚህ ውርጭ፣ ልጄ?»

ሁለተኛው ንግግር «አለች» እንኳ አላስፈለገውም። አንተ፣ አንቺና እርስዎ ግሱ ላይ ስለሚታዩ አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ «ይብሉ እንጂ» ሲባል ታላቅ ሰው እየተጋበዘ መሆኑ ስም ሳይጠራ ይገባል። የሚያስቸግረው የሁለት እኩያ ወንዶች ወግ ነው፤ ሁለቱም «አንተ» ይባባላሉ። እዚያ ላይ ስም መጥራት ወይም አንደኛውን ቁጥብ ተናጋሪ ማድረግ ይሻላል። በአንድ ትዕይንት ከሦስት በላይ ተናጋሪ አታስገቡ።

አሮጊት በመጣች ቁጥር ድምፅን ማቅጠን ትረካውን ቧልት ያደርገዋል። ለሽማግሌ ዝግ ማለት፣ ለችኩል ሰው ቃላቱን ማቀራረብ ይበቃል።

ተራኪው ይደናቀፋል፣ ትርጉም ይዛባል

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «እቤት አለ» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሰውየው እቤት ነው ያለው። «ገና ነው» ደግሞ ወይ አልደረሰም ነው፣ ወይ በዓሉ ነው። ጽሑፉን በ14 የፊደል መጠን፣ መስመሩን አራርቃችሁ አትሙና አሻሚ ቃል ባገኛችሁበት፣ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አድርጉ። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በሰያፍ መስመር ምልክት አድርጉ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተራኪውንም አድማጩንም አንጠልጥሎ ያቆያል፤ በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ይቆረጥ።

ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል

የብሎኬት ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ፤ ይህን ገደል ማሚቶ በሶፍትዌር አጥርቶ ማውጣት ይከብዳል። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍም ከልፋት በቀር ብዙ አይጠቅምም፤ ስስ ነው። የሚያዋጣው ወፍራም ነገር ነው፦ የመንዝ ባና ወይም ሁለት እጥፍ ብርድ ልብስ ከተራኪው ኋላና ከሁለቱ ጎን ስቀሉ፤ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ይበል። ከዚያ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ተከትሎ ካንቃጨለ ይጨመር። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ሲጠና በዚህ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል አታስገቡ። ጭስ ባይታይም መርዙ ይገድላል።

«ፕ» እና «ፍ» ላይ ቡፍ ይላል

ትንፋሹ በቀጥታ ማይኩን እየመታ ነው። ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ ወደ አፍ ይዙር እንጂ ትንፋሹ አይምታው። «ጥ»፣ «ቅ» እና «ጭ» ደግሞ እንደ ጠጠር ስለሚፈነጠሩ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል እንዲሆን ጌይኑን (ማይኩ ድምፅ የሚቀበልበትን መጠን) አስቀድማችሁ ቀንሱ። አንዴ ከልክ አልፎ ተሰንጥቆ የተቀዳ ድምፅ በደንብ አይጠገንም።

ከጀርባ ሌላ ድምፅ አለ

የማያቋርጥ እምምታ ከሆነ ከመብራቱ የመጣ ባለ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ፤ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ። በደሴ መንገድ ዳር ላለ ቤት የከባድ መኪና ጉርምርምታ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በሚቆርጥ የሶፍትዌር ማጣሪያ ይቀንሳል፤ ጥሩምባ ግን አይወጣም፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብም እንዲሁ ነው። ክረምቱን ጠዋት ጠዋት ቅዱ።

በየቅጂው መጀመሪያ 30 ሴኮንድ ዝምታ ቅዱ። አንድም ለሶፍትዌሩ የጫጫታ ናሙና ይሆናል፣ አንድም በቆረጣችሁበት ቦታ ይሞላል፤ ፍጹም ዝምታ ከገባ አድማጭ ስልኩ የጠፋ ይመስለዋል። የጫጫታ መቀነሻውን ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል ላይ አቁሙ፤ አብዝታችሁ ስትቀንሱ ድምፁ ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ቦታው መለወጡ አይታወቅም

ነፋሻማው የጣርማበር ተራራ ላይ ነን ለማለት የንፋስ ድምፅ ብቻ ማስገባት አይበቃም፤ ያልተነገረው አድማጭ ማይኩ ተበላሽቶ ነው ይላል። ቃል ይቅደም፣ ድምፅ ይከተል። ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድም የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙቀቱን ይናገር፦ ጋቢው ይውለቅ፣ ላቡ ይምጣ። በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል ሁለት ሴኮንድ ያህል ክፍተት ስጡ።

ስልክ ላይ ይደክማል፣ ፋይሉም ይከብዳል

የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ በጆሮ ማዳመጫ ያማረ ከበሮ ታክሲ ውስጥ ይጠፋል። ሙዚቃው ከትረካው በ18 ዴሲቤል ገደማ ይነስ፤ አማካይ ድምፁን በሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ለሞኖ፣ ማለትም ለባለ አንድ መስመር ድምፅ፣ -19፣ ለስቴሪዮ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ለተለየው፣ -16 ላይ አድርጉ። ለአንድ ተራኪ ሞኖ ይበቃል፦ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒስሪ 20 ደቂቃው 9.6 ሜጋባይት ብቻ ነው። በ192 ኪሎቢት ስቴሪዮ ቢሆን 28.8 ሜጋባይት ይወስድ ነበር፤ ካርድ ሞልቶ ለሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ።