በአሜሪካ ጦር ውስጥ ላላችሁ ነፍሰ ጡር እህቶቼ

የምሠራው ጦር ሠፈር ውስጥ ባለ ክሊኒክ ነው። ሀበሻ ወታደር ስትመጣ ደስ ይለኛል። ዘግይታ ስትመጣ ግን ያናድደኛል።

«ሦስት ወር ሳይሞላ አይወራም» የሚለውን ከቤታችን ይዘን መጥተናል። ለጎረቤት አትንገሩ፣ ይሁን። ሐኪም መደበቅ ግን ምን የሚሉት ነው? የጽንሱ አካል የሚሠራው በእነዚያው ሳምንታት ነው! አንዷ መካኒክ ሆዷ ገፍቶ ነው የመጣችው። እስከዚያ ድረስ ያለ ጓንት የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽና ነዳጅ ስትነካ ከርማለች። አንዳንዶቹ ኬሚካሎች በቆዳም ይገባሉ፤ ከጽንስ መጨንገፍ ጋር የሚያያዙም አሉ። «ሳጅኑ ሰነፍ እንዳይለኝ ብዬ» አለችኝ። ልጇ ደህና ተወለደ፤ ዕድለኛ ናት። በ2023 የወጣው መመሪያ ለአለቃ መንገርን እስከ 20ኛው ሳምንት ማቆየት ይፈቅዳል፤ ሥራው አደገኛ ከሆነ ግን አይጠበቅም። ለክሊኒክ ወዲያው ተናገሩ፤ በእጃችሁ የምትነኩትን ሁሉ በስሙ ጥቀሱ። ፕሮፋይል፣ ማለትም ምን መሥራት እንደሌለባችሁ ሐኪም የሚጽፈው ወረቀት፣ ካልተጻፈላችሁ ሳጅኑ በምን ያውቃል?

ደግሞ የጆሮ መሰኪያ ለሆድ ልጅ አይሠራም። ድምፁ በሆድ በኩል ያልፋል። ከ115 ዴሲቤል በላይ በሆነ ቦታ ጆሮ ተሸፍኖም ቢሆን መቆም የለባችሁም፤ የጠመንጃ ተኩስ ከ150 ያልፋል። የሚንቀጠቀጥ ጄነሬተር ላይ ሆዳችሁን አስደግፋችሁ አትሥሩ።

በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ የተኩስ ልምምድ ለነፍሰ ጡር የተከለከለው ከጥይት በሚወጣው የእርሳስ (የብረቱ) ብናኝ የተነሳ ነው። ብናኙ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፤ ካለጊዜው ከመውለድና ከሕፃን ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የምትረሱት ባላችሁን ነው። ቀለሃ ሲለቅም የዋለ ሰው ልብሱንና ጫማውን ሳይቀይር ቤት ከገባ፣ ብናኙም አብሮት ይገባል። ከማርገዛችሁ በፊት ብዙ ተኩሳችሁ ከሆነም የደም ምርመራ ጠይቁ፤ አጥንት ውስጥ የተከማቸው እርሳስ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ይመለሳል።

የፈንጣጣና የኩፍኝ ክትባት ሕያው ቫይረስ አለው፤ እርግዝና ከጠረጠራችሁ ሳትመረመሩ አትወጉ።

«አርግዣለሁ» ብሎ ጠቅልሎ መተኛትም ስህተት ነው፤ ጦሩ ለነፍሰ ጡሮች የተለየ የስፖርት ፕሮግራም አለው።

ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ደንቡ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አያሠራም። በየሁለት ሰዓቱም የ15 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ጎበዝ ለመባል ብላችሁ ዕረፍቱን አትዝለሉ፤ የሚከራከራችሁ ካለ ወረቀቱን አሳዩት።